ግራ እግር የማትፈልገው መኪና

ካሣ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው እየተሳበ ወጣና ሸሚዙ ላይ የተለጠፈውን ጨዋማ አሸዋ ሳያራግፍ፣ «ይቺስ መኪና አይደለችም» አለ።

«ምን ጎደላት?» አለች ከውሰር።

«ፍሪሲዮን የላትም።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በግራ እግር የሚረገጠው ነዋ! ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው። እሱ ከሌለ አንቺ መኪናዋን አትነጃትም፤ እሷ ናት አንቺን የምትነዳሽ።»

ከውሰር የወንድ ሰዓት ያሰረችበትን እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ሁለቱን መኪኖች ተራ በተራ አየቻቸው። የባሕሩን ዳርቻ ሊያጠኑ የመጡ ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ለሽያጭ የተዉአቸው ነጫጭ መኪኖች ነበሩ። ውስጣቸው አልጋ፣ ምድጃና ፍሪጅ አላቸው። የአሰብ ሰው «ባለአልጋዎቹ» ይላቸዋል። አንደኛዋ ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ አምስት ማርሽ፣ ሦስት መርገጫ። ሁለተኛዋ አሜሪካ ሠራሽ ናት፤ ማርሿን ራሷ ትቀይራለች፤ መርገጫዋ ሁለት ብቻ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሽያጩ ቅዳሜ ያበቃል።

ከውሰር ከአሰብ በስተሰሜን ያለችው የዒድ መንደር ሰው ናት፤ ዓሣ ነጋዴ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዒድ እስከ ራሔይታ ያለውን ዳርቻ በሰው መኪና ስትመላለስ ስድስት ዓመቷ ነው። ጀልባ የሚገባው ጎህ ሲቀድ ነው። ወንዶቹ ነጋዴዎች ዳርቻው ላይ ፎጣ አንጥፈው ስለሚያድሩ ደህና ደህናውን ቀድመው ይወስዳሉ። እሷ ስትደርስ የሚቀራት ዝንብ የወረደበት ነው። አልጋ ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መኪና ስታይ ሌላ ነገር አላሰበችም። የቸገራት ምርጫው ነበር። ለምርጫው ደግሞ ካሣን ጠራች፤ «የምትመርጥልኝን እገዛለሁ፤ ከዚያ የሚነዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብላ።

ካሣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ነው የያዘው።

ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለቱን «ኤንትሬ» በሚሏት የጣሊያን ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል ጨርሶታል። ተሳቢ እየጎተተ ጣርማ በርን ሲወርድ ፍሬን አይነካም፤ በማርሽ ብቻ እንደ በግ እየነዳ ያወርዳታል። የጭነት መኪና ማኅበሩ ሾፌሮች ማርሽ ሲያንቋቋ ለሰሙት ጀማሪ፣ «ሂድ፣ ካሣ ሲቀይር ቁመህ ስማ» ይሉት ነበር፤ ነገሩ ካሣ ሲቀይር የሚሰማ ነገር አለመኖሩ ነው። ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት የረገጠው ፍሪሲዮን ግራ ጉልበቱን በላው። አምና ማኅበሩ መኪናውን ለሌላ ሰጠበት። ካሣ ለከተማው «መንገዱ ሰለቸኝ፣ ራሴ ነኝ የተውኩት» አለ። እውነቱን የምታውቀው ጠዋት ጠዋት ጉልበቱን በፋሻ የምትጠመጥምለት ሚስቱ ትርፌ ብቻ ናት።

የጣሊያኗ ፍሪሲዮን ከኤንትሬ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ይችለዋል። እንደሚችለው ለራሱ ነግሮታል።

«የጣሊያኗን ግዢ» አላት። «የሚያውቃት ሞልቷል፣ መለዋወጫዋም ይገኛል። ይቺኛዋ ባትሪዋ የሞተ ቀን ገፍተሽ እንኳ አታስነሻትም። እዚያው ሬሳ ናት።»

ያለው እውነት ነበር። ያለበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

«እሺ ጋሽ ካሣ» አለች። «ብቻ ገንዘብ ሳላወጣ ሁለቱም ሲሄዱ ልይ። ይህችኛዋን ዓይነት የወደቡ ኃይለጊዮርጊስ ይነዳል አሉኝ። ነገ ጠዋት ና ብዬዋለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ካሣ ስለ መኪና ያሰበው ሁሉ በዚህ ስም በኩል የሚያልፍ ሆነ።

ካሣና ኃይለጊዮርጊስ አሰብ የገቡት በአንድ ቀን፣ በአንድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥተው ነው። ሁለቱም የወደብ ሥራ ፍለጋ ተሰለፉ። ካሣ ከፊት ነበር፤ ኃይለጊዮርጊስ ከኋላው። መዝጋቢው ቀና ብሎ «አንተ ባለነጭ ሸሚዙ» አለ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ኃይለጊዮርጊስ ነው። እሱ ፎርክሊፍት በሚሉት ዕቃ ማንሻ ላይ ወጣ፤ ካሣ ረዳት ሆኖ መንገድ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ካሣ የኃይለጊዮርጊስን ሕይወት ከራሱ አስበልጦ ያውቀዋል። የወደቡ ሠራተኛ መኖሪያ የጣሪያ ማራገቢያ እንዳለው ያውቃል። በየቀኑ በረዶ እንደሚደርሰው ያውቃል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ቆቡን አድርጎ እያፏጨ ከወደቡ በር እንደሚወጣ፣ እራቱን ቤቱ እንደሚበላ፣ ልጆቹ መልኩን ሳይረሱ እንዳደጉ ያውቃል። ካሣ ከማንዳ በረሃ አፉን በአቧራ ሞልቶ ሲገባ ያ ቆብ ንጹሕ ነበር። ሾፌሮቹ የወደቡን ሰዎች «የጥላ ሾፌር» ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣው ካሣ ነው፤ በልቡ ግን ጥላውን እንደተመኘ ከሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ለካሣ የቀረለት አንድ ነገር ነበር፤ መንገድ። በመንገድ ነገር ያ ሰው አጠገቡ አይደርስም።

ዓርብ ጠዋት ካሣ ቀድሞ ደረሰ። ፋሻውን ትርፌ ሁለት እጥፍ አድርጋለታለች።

ከውሰርን አጠገቡ አስቀምጦ የጣሊያኗን ወደ ደቡቡ መንገድ አወጣት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ማርሹን በሁለት ጣት ነው የሚያስገባው፤ ድምፅ የለም። ከውሰር «ወላሂ፣ የቆመች ነው የምትመስለው» አለች። ካሣ የዓመቱን ውርደት ሁሉ የካሰችው መሰለው። ከዚያ አሸዋማው ደረቅ ወንዝ ጋ ደረሱ። አሸዋ ማርሽ ያስቀያይራል፤ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ፣ መልሶ ወደ ሁለት። አራተኛው ላይ ጉልበቱ ተቆለፈ። እግሩ ከፍሪሲዮኑ ተንሸራተተ። መኪናዋ እንደ ደነገጠች ፍየል ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ።

«ምን ሆነች?»

«ፍሬኗን ልሞክር ብዬ ነው።»

ከውሰር ጉልበቱን ጨምድዶ የያዘውን እጁን አየች።

ሲመለሱ ኃይለጊዮርጊስ ከግቢው ዘበኛ ጋር ሻይ ይጠጣል። ቆቡ ያው ነጭ ነው። «ካሣ ወንድሜ! ገና ትነዳለህ እንዴ? መንገድ ሰለቸው ብለውኝ!»

«አንተ ደግሞ ከጥላ ወጣህ? ፀሐይ እንዳይመታህ።»

«ቆብ አለኝ» አለ ኃይለጊዮርጊስ እየሳቀ። ብርጭቆውን ይዞ አሜሪካ ሠራሿ ላይ ወጣ። በአንድ እጅ ሻዩን፣ በሌላው መሪውን ይዞ በጠባቡ በር ወደ ኋላ አወጣት። ጠብታ አልፈሰሰም። ዘበኛው አጨበጨበ። ካሣ፣ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ይሄ ሙያ ሳይሆን ልማድ እንደሆነ ሊናገር ፈለገ። የሚሰማው አልነበረም።

ደረቁን ወንዝ ኃይለጊዮርጊስ ከውሰርን ይዞ በዝግታ ገባበት፣ በዝግታም ወጣው። ከውሰር ከመስኮት አንገቷን አውጥታ ጎማውን ታያለች፤ ትስቃለች። ግቢ ሲገቡ ኃይለጊዮርጊስ ከጋቢናው ሳይወርድ ጮኸ፤ «ካሣ! ይቺን እኮ ግራ እግርህን ቤት ትተኸው ብትመጣም ትነዳታለህ!»

ዘበኛው ሳቀ፤ ከውሰርም ሳቀች። ኃይለጊዮርጊስ ስለ ጉልበቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ካሣ ግን እንዳወቀ ቆጠረው። ያን ቀን ከሰማው ሁሉ ይዞት የሄደው ይህን ሳቅ ነው።

«ውረድማ፤ ልሞክራት» አለች ከውሰር።

ጫማዋን አወለቀች። ኃይለጊዮርጊስ «ይሄ መሄጃ፣ ይሄ ማቆሚያ፣ ሌላ የለም» አላት። ከተወለደች መሪ ይዛ የማታውቅ ሴት ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች። አራተኛው ላይ ከአጥሩ አንድ ክንድ ስታስቀር አቆመችና እንደ ልጃገረድ ሳቀች።

አሜሪካ ሠራሿን ገዛች። ኃይለጊዮርጊስ ከወደቡ የሦስት ወር ፈቃድ ወስዶ ሾፌሯ ሆነ። የጣሊያኗን አንድ የጅቡቲ ነጋዴ ወሰዳት።

ከዚያ ክረምት ገባ። የአሰብ ክረምት ዝናብ ሳይሆን እሳት ነው። አቅም ያለው ቤቱ ይከተታል፤ ካሣ ግን በደቡቡ መውጫ ካለው ሻይ ቤት አልጠፋም። ባለአልጋዋ ማክሰኞ ስትወጣ ያያታል፤ ሐሙስ ስትመለስ ያያታል። ነጭ ቆብ፣ በመስኮት የወጣ ክንድ፣ ፉጨት። ጎማዋ ዝቅ ብሎ ካየ ደስ ይለዋል። አንድ ሐሙስ ሳትመለስ ቀርታ እስከ ማግስቱ ቀትር እህል አልቀመሰም፤ ስትመጣ ቀኝ ጎኗ በቁጥቋጦ ተቧጥሮ ነበር። ቤቱ ገብቶ በሁለት እጁ በላ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነችልህ?» አለች ትርፌ።

«ማን?»

«ቤት የምታህለው ጣውንቴ ናታ! ነጭዋ።»

«መንገድ አያውቅም ያ ሰው። ጎኗን ልጦ ልጦ አመጣት።»

ትርፌ ከማጠቢያው ሳህን ቀና አለች። «ካሣ፣ እኔ ስለ መኪና አላውቅም። ግን ግራ እግር አትፈልግም ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። የታመመው የትኛው እግርህ ነው?»

ካሣ ግራ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ።

«ቀኝህ ደህና ነው። መንገዱን ታውቃለህ። ሄደህ ለሴትዮዋ እንዲህ እንዲህ ነው ብትላት ምን ትሆናለህ?»

«ፍሪሲዮን የሌላት ነዳ ከምባል እሞታለሁ።»

«ሻይ ቤት ተጎልቶ ቀረ ትባላለህ፤ ይሄ ይሻላል?»

በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ግራ እግሩን ዘርግቶ፣ ቀኝ እግሩን ብቻ ከአንድ የማይታይ መርገጫ ወደ ሌላው እያዛወረ ነበር። መሄጃ፣ ማቆሚያ። እንዳላየ ሰው ተመልሳ ወጣችና ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሰዳም የሚባለው የራሔይታ ፒካፕ ነጂ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም።

«ጋሽ ካሣ፣ ከውሰር ልካኝ ነው። ራሔይታ ላይ ቆመዋል። ፍሪጁን ዓሣ ሞልተው ሞተር ሳያስነሡ አዋሉት፤ ባትሪው አለቀ።»

«ገፋችኋት?»

«መንደሩ በሙሉ ገፋ! ሼኹ ሳይቀሩ ገፉ። ጉድ እኮ ነው፣ ትሄዳለች ግን አትነሣም።»

ካሣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። «የአንተን ባትሪስ አትሰጣቸውም?»

«የኔዋ ራሷ በግፊ አይደል የምትነሣው! አሁንም ላጥፋት ብል አልመለስም። ባትሪና ሽቦ ይዘህ እንድትደርስላት ነው ያለችው። ‹ጋሽ ካሣን ብቻ፣ ሌላ ሰው እንዳትልክ› ብላለች።»

ካሣ የመጨረሻዋን ቃል ሳያኝክ ዋጣት። እግሩን እየጎተተ የሄደው ወደ ወደቡ ነው። የድሮ ባልደረባው ጫኔ ጭነት ወረፋ ይዞ፣ ተሳቢውን ፈትቶ ቆሟል። የጫኔ ኤንትሬ ከኋላዋ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፎባታል።

«ውሰዳት» አለ ጫኔ የመጣበትን ጉዳይ ሲሰማ። «ወረፋዬ ነገ ነው። ጉልበትህስ?»

«ምን ሆነ ጉልበቴ?»

«እኔ እንጃ። እንዲሁ ጠየቅሁ።» ጫኔ ከአንድ ጓደኛው የተዋሰውን ባትሪ ከነሽቦው ተሸክሞ መጣ። «ይኸው፤ ጋቢና ውስጥ ላድርግልህ?»

ካሣ ባትሪውን አየው። ባትሪው ቢሄድ የሚሆነውን አወቀ። ሽቦው ይያያዛል፣ ሁለት ደቂቃ፣ መኪናዋ ትነሣለች። ኃይለጊዮርጊስ ቆቡን ያስተካክልና እያፏጨ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከፊቱ ይነዳል። እሱ አቧራውን እየበላ ይከተላል። እንደ ሁልጊዜው።

«ተወው» አለ። «የብረት ገመዱን ስጠኝ።»

«ባትሪ አይደል እንዴ የጠየቁህ?»

«ገመዱን ስጠኝ አልኩህ፣ ጫኔ።»

ራሔይታ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኤንትሬን ፍሪሲዮን መርገጥ አህያ እንደ መግፋት ነው። በየመቀየሩ ጉልበቱ ውስጥ ምስማር የሚገባ ይመስለዋል። ላቡ ከፀሐዩ ይሁን ከሕመሙ አይለይም። ግን ማርሹ ድምፅ አልነበረውም። ይህን ልብ አለ።

ከውሰር የዓሣ አጥማጆቹ የሰሌን ዳስ ሥር ነበረች። ኃይለጊዮርጊስ በመኪናዋ ጥላ ተቀምጧል። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ዓሣ መሽተት ጀምሯል።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣህልን!» አለች ከውሰር።

ኃይለጊዮርጊስ ብድግ አለ። «ባትሪውስ?»

«አላመጣሁም።»

«ታዲያ?»

«እጎትትሃለሁ።» ካሣ ገመዱን አሸዋው ላይ ወረወረው።

ኃይለጊዮርጊስ ገመዱን አየ፤ መኪናዋን አየ። አላፏጨም። «ካሣ፣ እንዲህ ያለችው ጎማዋ መሬት ነክቶ አይጎተትም። ወደቡ ላይ ሲበላሹ አንሥተን ጭነን ነው የምንወስዳቸው።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አላውቅም። መካኒኮቹ ይከለክላሉ።»

«የማታውቀውን ነው የምትነግረኝ? እኔ ከሚሌ እስከ አሰብ ስንት መኪና ጎትቻለሁ! ማርሹን አውጥተህ ፎሌ ላይ አድርጋት፣ መሪህን ያዝ። ሌላውን ለኔ ተው።»

ኃይለጊዮርጊስ ወደ ከውሰር ዞረ። ከውሰር ሁለቱንም አየችና፣ «መንገዱን የሚያውቀው ጋሽ ካሣ ነው። እሱ ያለውን እናድርግ» አለች። ከዚያ የባለአልጋዋ ማራገቢያ ስለማይሠራ ከካሣ ጋር ኤንትሬዋ ላይ ወጣች።

ሲነሡ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ካሣ ሰዓቱን ያውቀዋል። አሥራ አንድ ሰዓት የወደቡ ሠራተኛ ይወጣል። ከደቡቡ መንገድ ወደ ከተማው የሚገባ መኪና በወደቡ በር ያልፋል። ቢፈጥን፣ ያ ሁሉ ባልደረባው፣ ያ ሁሉ የጥላ ሾፌር፣ ኃይለጊዮርጊስ እንደ ታሰረ በግ በገመድ ሲጎተት ያየዋል። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ከሚል ጽሑፍ ኋላ ሆኖ። ካሣ አራተኛውን ማርሽ አስገባና ነዳጅ ሰጠ።

ሃያኛው ኪሎ ሜትር ላይ በስፖኪዮው መስታወት አንድ ነጭ ነገር አየ። ኃይለጊዮርጊስ ቆቡን አውልቆ በመስኮት እያውለበለበ ነው። ክላክስ እንዳያደርግ ባትሪ የለውም። መብራት እንዳያበራ ባትሪ የለውም። ያለው ቆቡ ብቻ ነው። ካሣ አቧራው ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለውን ቆብ አየው። ቀስ በልልኝ ሊለኝ ነው አለ በልቡ። ልመናው ነው። በዕድሜው እንደዚያ ጣፍጦት የነዳበትን መንገድ አያስታውስም። ጉልበቱን እንኳ ረሳው።

አልቆመም።

ቆቡ ለረጅም ጊዜ ተውለበለበ። ከዚያ ቀረ።

ከውሰር ስፖኪዮው አይታያትም። የሻሿን ጫፍ ይዛ ፊት ፊቱን ስታይ ቆይታ፣ «ጋሽ ካሣ» አለች።

«አቤት።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ ወንዙ ጋ፣ ጉልበትህ ነው አይደል የያዘህ?»

ካሣ መንገዱን እያየ «እሱ ነው» አለ። ከትርፌ ሌላ ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«አውቄያለሁ። ለዚያ ነው ያቺን የገዛሁት።»

«የትኛዋን?»

«አሜሪካኗን ነዋ! ጋሽ ካሣ ይንዳልኝ ብል የጣሊያኗ ትገድለዋለች አልኩ። ይቺ የሚያስፈልጋት ቀኝ እግር ብቻ ነው። በማግስቱ ትመጣለህ ብዬ ጠበቅሁህ፤ ቀረህ። ተቀይመህ ነው ብዬ ኃይለጊዮርጊስን ያዝኩት። ደግ ሰው ነው፤ ግን መንገድ ላይ እንደ ሕፃን ነው። ጎኗን ላጠው፤ አሸዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀበረኝ፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው። ጠዋት ተነጋግረናል፤ እሱም ወደ ወደቡ ልመለስ ብሏል። ከነገ ጀምሮ አንተ ንዳልኝ። ለዚህ ነው ‹ጋሽ ካሣን ብቻ› ያልኩት።»

ካሣ ስፖኪዮውን አየ። ቆቡ የለም። የሚታየው አቧራ ነው፤ ከአቧራው ሥር ደግሞ አቧራ ያልሆነ ሰማያዊ ነገር።

ፍሪሲዮኑን ረገጠ። አወረደ፣ አወረደ፣ አቆመ።

ሲወርድ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ጉሮሮውን ያዘው። ከባለአልጋዋ ሆድ ሥር ጭስ ይወጣል። ቀይ ዘይት፣ ፍየል የታረደበት ይመስል፣ ከኋላ እስከ ዓይን ማድረሻ በመንገዱ መሐል ጠብ ጠብ ብሎ መጥቶ ከመኪናዋ ሥር ኩሬ ሠርቷል። ካሣ ተንበርክኮ ከሥሯ ሊገባ ፈለገ፤ ጉልበቱ አልታጠፈም። ግንባሩን አሸዋው ላይ አድርጎ አየ። ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ ሲነካ አይደለም፣ ሲቀርቡት ፊት ይለበልባል።

ሞተሩ ሳይዞር ዘይቱም አይዞርም። በዚያች መኪና ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ሞተሩ ነው። ፎሌ ላይ ሆና ስትጎተት ግን ጎማዋ የሚያዞረው ካምቢዮ በደረቁ ይፋጫል። ይህን በኋላ መካኒኩ ነገረው። እዚያ መንገድ ላይ ግን ማንም ሳይነግረው ገባው።

ኃይለጊዮርጊስ ወርዶ አጠገቡ ቆመ። ቆቡ በእጁ ነው፤ ነጭ አልነበረም።

«ሽታው መጣብኝ» አለ። «ቆቤን ሳውለበልብልህ አላየኸኝም?»

ካሣ አላየሁም ማለት ይችል ነበር። አቧራው ምስክሩ ነው። ከውሰር ደርሳ ቁማ ትሰማለች።

«አይቼሃለሁ» አለ።

ከውሰር ወደ ባለአልጋዋ ገባች፤ ፍሪጁን ከፈተች፤ የበሰበሰውን ዓሣ በባልዲ እያወጣች መንገድ ዳር ደፋች። ኃይለጊዮርጊስ ሄዶ አገዛት። ካሣ ገመዱን ፈታ። ለመፍታት ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

በወደቡ በር ያለፉት መሽቶ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ነው። ሦስቱም በኤንትሬዋ ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ኤንትሬዋን የነዳት ካሣ ነው፤ ሌላ ሊነዳት የሚችል ሰው አልነበረም።

ባለአልጋዋን በማግስቱ በሌላ መኪና ጭነው አመጧት። መካኒኩ ካምቢዮዋን ሲከፍተው ውስጡ ከሰል ሆኗል። መለዋወጫው አሰብም አስመራም አልተገኘም። ኃይለጊዮርጊስ ፈቃዱ ሳያልቅ ወደ ወደቡ ተመለሰ። ከውሰር መስከረም ላይ ጎማዎቹን ሸጠች፣ መኪናዋን ከዓሣ ገበያው ጀርባ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ የጎን መስኮቷን ሱቅ አደረገችው። ካሣ ከዚያ በኋላ መኪና አልነዳም።